ሃምሳ ሎሚ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቤቴ ከወጣሽ ጀምሮ ነገርሽ ከሆዴ አልወጣም። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ፣ ሲኒው በእጅሽ እንዳለ ነው የተናገርሽው። «እቴቴ፣ ክፍሉ ዝም ይለኛል» አልሽ። «‹ገባችሁ?› ስላቸው በአንድ አፍ ‹አዎ ቲቸር!› ይላሉ። ‹ጥያቄ ያለው?› ስል አንድም እጅ አይነሣም። ፈተና ስሰጣቸው ግን ያስተማርኩት ሁሉ የለም።» ይህን ስትይ ድምፅሽ ሰበር አለ። እኔም የማይሆን ነገር ተናግሬ እንዳላስከፋሽ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። መልሱን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገሩ ግን ሰፊ ነው። 38 ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ደግሞ መጻፍ ገና አልተወም። ረጋ ብለሽ ተቀመጪና አንብቢው።

ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ስለሚቀመጠው ልጅም ነግረሽኛል። ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን በትምህርት ቤታችሁ ላይ ባለፈ ቁጥር አንገቱን መዝዞ ይከተለዋል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ሰሌዳው አይመለስም። «ስሙ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅሽ አሰብ አደረግሽና «አሁን ጠፋብኝ» አልሽኝ። 72 ልጅ በአንድ ክፍል ለምታስተምር ጀማሪ መምህርት ይህ ነውር አይደለም። ይህን ልጅ ግን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ዝምታው ከየት እንደመጣ እንይ። አንቺ ያመጣሽው አይደለም፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው። ያስታጠቅነው እኛ ወላጆችና አያቶች ነን። ሰው በተሰበሰበበት ልጅ አፉን ሲከፍት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንላለን። ሐሳብ ቢያመጣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንለዋለን። ዝም ካለ ደግሞ እናሞግሰዋለን፤ «ዝም አይነቅዝም»፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን። እንግዳ መጥቶ ልጁ ጥጉን ይዞ ከተቀመጠ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይባላል። ጨዋነት ማለት ዝምታ ማለት ነው ተብሎ ያደገን ሕፃን ትምህርት ቤት እናስገባውና «ተሳተፍ!» እንለዋለን። በምን አቅሙ? ልጄ፣ ያ ክፍል ዝም ያለሽ ንቆሽ እንዳይመስልሽ፤ አክብሮሽ ነው። በቁጣ ብትይዢው የበለጠ ያከብርሻል፣ የበለጠም ዝም ይልሻል።

እነዚያ ተረቶች ውሸት ናቸው አልልም፤ ለሽምግልና፣ ለአደባባይ ቦታቸው አላቸው። ለክፍል የሚሆነው ተረት ግን ሌላ ነው፤ «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል»። እኔ መስከረም ላይ ሰሌዳው ጥግ ላይ በትልቁ እጽፈውና እስከ ሰኔ አላስጠፋውም ነበር። ዳስተር የያዘው ተረኛ ረስቶ ሊያጠፋው ሲል ልጆቹ «እሱን ተው!» እያሉ ይጮኹበታል። ያኔ ነው ነገሩ የእነሱ እንደሆነ የማውቀው። አንቺም በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። «እቤታችሁ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚህ እኔ ፊት ግን ጨዋ የሚባለው የጠየቀ ነው» በያቸው። ፈቃዱን ከመምህሩ አፍ ካልሰማ ልጅ በገዛ እጁ አይወስድም።

ፈቃዱን ሰጥተሽ ስታበቂ የመጀመሪያውን ጠያቂ እንዴት እንደምትቀበይው ተጠንቀቂ። እኔ በማስተማር በሁለተኛው ዓመቴ የሠራሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለ ዓባይ እያስተማርኩ አንድ ጭምት ልጅ እጁን አነሣና «ክረምት ሳይዘንብ ቢቀር ዓባይ ይቆማል?» አለኝ። ክፍለ ጊዜው እያለቀብኝ ስለነበር «ከርዕሱ አትውጣ» አልኩት። ተቀመጠ። እስከ ሰኔ አፉን አልከፈተም። ከርዕሱ ያልወጣው እሱ ነበር፤ የወጣሁት እኔ ነኝ። የእሱ መዘጋት ብቻም አይደለም፤ እሱን ያዩት ሌሎቹም አብረው ተዘጉ። ዓመቱን ሙሉ «ጥያቄ ያለው?» እያልኩ ግድግዳ ሳናግር ኖርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን ታውቂዋለሽ። እኛ አገር ደረጃው አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50፣ የሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲይዝ ነው፤ ስለዚህ ተረቱ ለመምህር የተተረተ ይመስለኛል። አንቺ 72ቱንም ሎሚ ብቻሽን ታቅፈሽ ነው የምትንገዳገጂው። ትጠይቂያለሽ፣ ራስሽ ትመልሻለሽ፣ ኖቱን ትጽፊያለሽ፣ ታስረጃለሽ፣ ታርሚያለሽ። ማታ ጉሮሮሽ ተዘግቶ ዝንጅብል በማር ትጠጫለሽ። ልጆቹ ደግሞ እጃቸው ባዶ ነው። ባዶ እጅ ያለው ልጅ ወይ ይተኛል፣ ወይ ጎረቤቱን ይነካካል፣ ወይ አውሮፕላን ያያል። ሎሚውን አከፋፍይው፤ ምክሬ በሙሉ ይኸው ነው። የሚቀረው አከፋፈሉ ነው።

አከፋፈሉን የተማርኩት ከሥልጠና አዳራሽ አይደለም። አባቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ በመሆኔ ጉባኤው ውስጥ አልተቀመጥኩም፤ ውሃ ሳመላልስ፣ እንጨት ስለቅም ግን ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እሰማለሁ። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከሰማ በኋላ ይበተናል። አንዱ ዋርካ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ከአጥር ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ዘንድ ይመጣና ይናገራል፤ ነገራ ይባላል። መምህሩ ያዳምጣሉ፤ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢር የጎደለውን ያርሙለታል። የታረመለትን ይዞ ይሄድና በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን መልሶ ማምጣት አይቻልም። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መምጣትማ የማይታሰብ ነውር ነው። እንግዲህ ልብ በይ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ከራሱ ያፈለቀውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል። የሚሰማውን ብቻ ይዞ የሚያድር ተማሪ እዚያ ቦታ የለውም።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ «ተማሪ ተኮር»፣ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» እያሉ ያሠለጥኑን ጀመር። መልካም ሥልጠና ነበር። ሆኖም እንደ ባሕር ማዶ ዕቃ፣ እንደ አዲስ ነገር ነበር የሚቀርብልን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የአባቴን ዋርካ አስባለሁ። የቄስ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እንደ ቅኔ ቤቱ ነበር እንዳልል ፊደል ገበታው ላይ አለንጋም ነበር፣ ሳይገባ መሸምደድም ነበር። እዚያም ቢሆን ግን አቡጊዳ የጨረሰው ሀ ሁ ለጀመረው ያስቆጥራል፤ የኔታ ብቻቸውን አይሸከሙትም።

እዚያው ጎጃም፣ ጽላሎ፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ የቅኔ መምህርት ነበሩ። ዓይናቸው አያይም። ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው ወንበሩን ወርሰው ያስተማሩ ሴት ናቸው። እስቲ አስቢው። ማን እንዳንቀላፋ፣ ማን ሌላ ቦታ እንደሚያይ በዓይናቸው የማያዩ መምህርት ጉባኤውን በምን ያዙት? በጆሯቸው ነዋ! አፉን ከፍቶ ያልተናገረ ተማሪ ለእሳቸው የለም ማለት ነው። አንቺ ዓይን ስላለሽ 72 ልጅ ፊትሽ ተደርድሮ ስታዪ «ሁሉም አሉ» ትያለሽ፤ ሩስተሩ ላይም ምልክት ታደርጊያለሽ። አንድ ቀን ዓይንሽን በሐሳብሽ ጨፍኚና የማንን ድምፅ እንደምታውቂ ቁጠሪ። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ባደረግሁ ቀን ከ58 ልጅ የዘጠኙን ድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው። ደነገጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነገራውን ወደ ክፍሌ አመጣሁት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፤ ወይ ያልገባውን፣ ወይ ከገባው ተነሥቶ የመጣለትን ጥያቄ። ከጎኑ ካለው ልጅ መገልበጥ የለም፤ የሰው ቅኔ አይመጣም። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አንብቢ አልልሽም። በቀን 15 ብታዪ በሳምንት 72ቱንም ትደርሺያለሽ። በማግሥቱ ስትገቢ ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱን መርጠሽ፣ የጠየቁትን ልጆች በስማቸው ጠርተሽ፣ ትምህርቱን ከእነሱ ጥያቄ ጀምሪው። «ትናንት እገሌ የጠየቀችው ነገር አሳስቦኝ አደረ» በያቸው፤ እውነትም አሳስቦሽ ይደር። የልጅቷን ፊት ያን ጊዜ እዪው።

ይህን ሁሉ ያፈረሰብኝ ዘመንም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያሰቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል ይማር ብለው ነው። እኔ ያኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲጀምር እኔ ወደ ጥግ እሄዳለሁ፤ ሲያልቅ በቀረችኝ ጥቂት ደቂቃ ለማስረዳት እሯሯጣለሁ። ከውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሰው ሳይጨርሱ መልሱን ይነግራቸውና ያልፋል። «ትንሽ ቆይልን» ቢሉት አይሰማም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በዚያን ጊዜ ዕለት ዕለት ይመጣብኝ ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው፣ ሙከራው እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሌለ ነው፤ ልጁ ግን አይደርስበትም። ጥበቡ እያለ መጠበቁ ስለሌለ ብቻ ትምህርቱ ከእጃቸው ያመልጣል።

ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ ድምፅ እየቀረጹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሡ መረመሩ። በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሁለት ሰከንድ ብቻ መጨመር! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጥያቄ ስጠይቅ በልቤ እስከ አምስት እቆጥር ነበር። መጀመሪያ ላይ ያ ዝምታ ያስፈራል፤ ራስሽ መልሰሽ መገላገል ያምርሻል። ቻይው። ዝምታው የልጁ ሐሳብ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ልቡ፣ ከልቡ ተመልሶ ወደ አፉ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገደኛን ደግሞ አያጣድፉትም። እጁን ቀድሞ ለሚያነሣው ለዚያ አንድ ጎበዝም ወዲያው አትስጪው። አምስት ስድስት እጅ እስኪወጣ ጠብቂ።

ቋንቋውንም አስቢበት። አንቺ 7ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ ነው የምታስተምሪው፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ አለ፤ ከአንቺ ክፍል ያሉት አብዛኞቹ ግን እንግሊዝኛን የሚያውቁት ከአንቺና ከመጽሐፉ ብቻ ነው። ልጁ ዝም ያለው ሳይንሱ ጠፍቶት ላይሆን ይችላል፤ ቃሉ ጠፍቶት ነው። እንዲህ አድርጊ፤ ጥያቄውን ከጠየቅሽ በኋላ «መጀመሪያ ለጎንህ ልጅ በአማርኛ ንገረው» በያቸው። ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ አትደንግጪ፣ የማር ድምፅ ነው። ዩኒት ሊደሩ ጩኸቱን ሰምቶ ብቅ ቢል አስረጂው። ከዚያ «አሁን በእንግሊዝኛ እንሞክረው» ስትይ ልጁ የሚናገረው ነገር አስቀድሞ አፉ ውስጥ አለ።

ቋንቋው ብቻም አይደለም፤ ምሳሌውም ከኑሯቸው ይምጣ። ይህን የተማርኩት ገና ድሮ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሸዋ ገጠር ተመድቤ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ከእርሻ፣ ከገበያ መልስ እየመጡ ነው የሚማሩት። አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ስጽፍ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። «አይገባቸውም» ብዬ ተውኳቸው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቅቤ ሲሸጡ አየኋቸው። ሦስት ገዢ በአንድ ጊዜ ያናግራሉ፣ ይመዝናሉ፣ መልስ ይሰጣሉ፤ አንድ ሳንቲም አይሳሳቱም። ሰኞ ማታ ሰሌዳውን ትቼ «እማማ፣ አንድ ቅል ቅቤ ይህን ያህል ቢሆን ሦስት ቅል ተኩልስ?» አልኳቸው። አፌን ሳልዘጋ መለሱ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትም ያው ነገር መሆኑን ሳሳያቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት ነበር የሚቀመጡት። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ሄዷል፤ ያኔ የገባኝ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ከሰውየው ቅቤ ካልጀመርሽ ቁጥሩ ባዕድ እንደሚሆንበት ነው።

የአንቺ ልጆች ቅቤ ምንድን ነው? ከመገናኛ አያት የሚሄድ ሚኒባስ ነው፤ ረዳቱ አሥራ ሁለት ሰው ሒሳብ ሳይሳሳት እንዴት እንደሚሰበስብ ያውቃሉ። የመብራት ካርድ ነው፤ ምጣድ ሲለኮስ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ እናታቸው ስትጨነቅ አይተዋል። ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ ሰዓት አይበቃሽም። የግፊትን ትምህርት ከዚያ ጀምሪው እንጂ ከትርጉሙ አትጀምሪ። ትርጉሙ በኋላ፣ ሲፈልጉት ይመጣል።

ሳቅን ፍሪ። ክፍል ውስጥ ልጅን ከአለንጋ የበለጠ የሚሰብረው የተሳሳተ መልስ ሲመልስ የሚሳቅበት ሳቅ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቁርጥ አድርገሽ ከልክይ። ከልክለሽም አትተይው፤ ለተሳሳተው ልጅ «እንዴት እዚህ ደረስክ? መንገዱን ንገረን» በይው። መንገዱን ሲናገር ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል፤ ባይመለስም ሌሎች አምስት ልጆች እዚያው ጥምዝ ላይ ቆመው እንደነበር ታያለሽ። ለማያውቀው ልጅ ደግሞ የክብር መውጫ ስጪው። በልጅነታችን እሳት ዳር «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልህ!» እንላለን፤ ያቃተው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አለማወቅ አገር ያስከፍላል፣ ከጨዋታው ግን አያስወጣም። እኔ ይህን ክፍሌ ውስጥ ፈቅጄ ነበር። መልሱ የጠፋው ልጅ «ቲቸር፣ አገር ልስጥ» ይላል፤ አንዱን ይሰጣል፤ መልሱን ከጓደኛው ይሰማና በራሱ ቃል ደግሞ ይነግረናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያን ሁሉ ሰጥተውኛል፤ «አላውቅም» ብሎ አንገቱን የደፋ ግን አልነበረም።

የቡድን ሥራንም ላስታውስሽ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በመጣ ጊዜ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ ነበር የታሰበው። እኔ ያየሁት ግን ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ሎሚው ከመምህሩ ወደ አንድ ልጅ ተዛወረ እንጂ አልተከፋፈለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለቡድኑ የሚናገረው ማን እንደሆነ አስቀድመሽ አትንገሪ። ሥራው ሲያልቅ አንቺ ጣትሽን ወደ አንዱ ታሳያለሽ፤ ብዙ ጊዜም ወደ ደካማው። ያኔ ጎበዙ እንኳ ለራሱ ሲል ጓደኛውን ማስረዳት ይጀምራል።

ስልክና ቲክቶክ ልጆቹን ወሰደብን ትያለሽ። እውነት ነው፤ ግን ያንን ለወላጅ ስብሰባ አቆይው፤ ከክፍልሽ በር ውጭ ያለ ነገር ነው። ከስልኩ ይልቅ ረሃብ ይብሳል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ መኖሩ ስንት ዝምተኛ ልጅ እንዳነቃ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ። ሌላም አለ፤ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው በቅርቡ ወደ እናንተ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች። ሰፈሩን፣ ጓደኛውን፣ የድሮ መምህሩን በአንድ ጊዜ ያጣ ልጅ ከኋላ ዴስክ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጥያቄ ሳይሆን ሥራ ነው። ጠመኔ ያምጣ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ሙከራ ሲሠራ ሰዓት ይያዝ። እጁ ሲሠራ አፉ ይከተላል።

ሱፐርቫይዘሩ ምዕራፉን ጨርሺ እንደሚልሽ አውቃለሁ። «በዚህ አካሄድ መጽሐፉ አያልቅም» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። እኔም ተጨንቄ ስንት ዓመት ሮጬያለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፤ ሰኔ ላይ መጽሐፉ አልቆ ልጆቹ ባዶ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር እዚሁ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ናቸው። በዓመቱ 3.2 ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ጥብቅነት ያወራል። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት «ገባችሁ?» ሲባሉ «አዎ ቲቸር» ብለዋል። አንዱ መምህር እንኳ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «እስቲ ንገረኝ» ብሎ ጆሮውን ቢሰጣቸው ኖሮ ያልገባቸው ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፍሽ አውጪው፣ ልጄ። «እስቲ ንገረኝ» በይ።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። አውሮፕላን ሲያልፍ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ልትሸፍኚው አትሞክሪ፤ አትችይውም፤ እኔ ገርጂ ሆኜ ከጎረቤቴ ጋር ስንጨዋወት እንኳ አፋችንን ይዘን እናሳልፈዋለን። አንቺም አቁሚ። ጠመኔውን አስቀምጪና ከእሱ ጋር መስኮቱን እዪ። ከዚያ ጠይቂው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ነው። ያው አውሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ ለመነሣት ረጅም መንገድ የሚሮጠው የት ነው? ለምን? የቦሌ ማኮብኮቢያ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ለምንድን ነው? አትመልሺለት። ክፍሉ ይከራከር። አንዱ «ከፍታው ያግዘዋል» ይላል፣ ሌላው «ነፋሱ ነው» ይላል። አየር ከፍታ ላይ እንደሚሳሳ፣ የሳሳ አየር ክንፉን ለማንሣት እንደሚያንስ፣ ሞተሩም እንደሚደክም በራሳቸው እስኪደርሱበት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፍጅ። ያ ልጅ ምናልባት ስለ አውሮፕላን አንቺ የማታውቂውን ያውቅ ይሆናል። ቢያውቅ ደስ ይበልሽ፤ ሰሌዳው ጋ ጥሪውና ጠመኔውን ስጪው። አንቺ እሱ ዴስክ ላይ ተቀመጪ፤ ከዚያ ቦታ ክፍልሽ ምን እንደሚመስልም ታያለሽ።

ሰኞ ጧት ግን ይህን ሁሉ አትጀምሪ። ሰልፉ ሲበተን በሩ ላይ ቁሚና ስሙን ጠይቂው። እሑድ ስትመጪ ስሙን ይዘሽልኝ ነይ፤ አውሮፕላኑ የት የት እንደሚሄድ የነገረሽንም። ቡናው በሦስት ሰዓት ይፈላል።